የደመናው ቁልፍ ካንጌሚ ገበያ ነበር

ሰውን ጡረታ የሚያወጣው ዕድሜ ነው፤ እኔን ግን ያወጣኝ ደመና ነው። ያውም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ፀጉሬ በከፊል እያለ፣ ቢሯችን ያለበትን አራተኛ ፎቅ ሁለት ጊዜ ብቻ አርፌ በምወጣበት ጉብዝና። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኳት የሰርቨር ክፍል ዛሬ የዣንጥላና የስኳር ማስቀመጫ ናት። ልሰናበታት ገብቼ በሐዘን ስቆም የጽዳት ሠራተኛችን አየችኝና፣ «ጋሼ ደረጀ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። «ሥራዬ» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ግን ለማልቀስ አይደለም። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ነጋዴዎች በሙሉ ይከቡኛል። የመለዋወጫ ሻጩ፣ ክሊኒክ ያላት እህታችን፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ክላውድ፣ ደመና የሚሉት ነገር ምንድን ነው? የቱንስ ልግዛ?» ለእያንዳንዳቸው ቆሜ ስመልስ ሁለት ጫማ ጨርሻለሁ። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ልንገርና ልረፍ። መንገር ካለብኝ ደግሞ ያበላሸሁትንም ጭምር ነው።

የሥራ ዘመኔ የተጀመረው ኢስሊ ውስጥ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። አለቃዬ በቀን አንድ ጊዜ ፈገግ ይል ነበር፤ በር ሲዘጋ። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሆንኩ። አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ አንዱን ለማስነሳት የሌላውን አካል እየቆረጥኩ በመጨረሻ ሁለት ጤነኛና አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ አጥንት ቀረኝ። ደመወዙ እንደ ናይሮቢ ፀሐይ ነው፣ መጣ ሲሉት ይጠፋል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቤቴ የእትዬ ሰብለ የትርጉም ቢሮ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቤቱን ጥሎ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት፣ የሕክምና ወረቀት። ጊጊሪ ካሉት የስደተኛ ጉዳይ ቢሮዎች ቀጠሮ ሲያገኝ ወረቀቱን እኛ ዘንድ ያመጣል፤ እኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመን፣ ዋናውን ስካን አድርገን፣ ማህተም መትተን እንሰጣለን። የስካኑ ቅጂ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ሻለቃው ውስጥ ነበር።

ሻለቃው ሰርቨራችን ነው፤ የቢሮውን ፋይል ሁሉ የያዘ ማሽን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሲነሳ የሚያሰማው ጩኸት የሰልፍ ትእዛዝ ይመስል ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ኪሊማንጃሮ ላይ ያለው በረዶ የሚቀልጠው በእሱ ምክንያት ነው እያልኩ አወራለሁ፤ እስካሁን ማንም አላስተባበለኝም።

የሻለቃው እውነተኛ አዛዥ ጋሽ ተኽለ ነበሩ። ጋሽ ተኽለ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስልክ ሲጠግኑ ነው፤ አማርኛቸው ከመጥራቱ የተነሳ እኛ «ኔት ጠፋ፣ ላይኑ ተቆረጠ» ስንል እሳቸው ዝም ብለው ያዩናል። ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የእጃቸውን ጀርባ ሻለቃው ጎን ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን እንደምትዳስስ እናት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የማራገቢያውን ድምፅ ያዳምጣሉ። «ሦስተኛው ማራገቢያ ቅር ብሎታል» ይላሉ። በሳምንቱ ሦስተኛው ማራገቢያ ይሞታል። ይህን ሳይ እኔ ደግሞ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ የሰማሁት የራሴን ሆድ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ዓርብ ነው። ዓርብ ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ያዞሩና፣ «እስቲ አንድ ፋይል ግደል» ይሉኛል። አጠፋለሁ። «አሁን አስነሳው።» ከመጠባበቂያው ቅጂ ፈልጌ እስክመልስ ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኛ ጴንጤዎቹ ስቅለትም ትንሣኤም በአንድ ከሰዓት ተፈጸመ እያልን እንስቅ ነበር። እሳቸው አይስቁም። «ተቀምጧል ማለት ምንም አይደለም። ሲመለስ ካላየሁ ለእኔ የለም» ይላሉ።

አንድ ቀን ጊጊሪ ያለ አንድ ትልቅ ደንበኛ ለእትዬ ሰብለ ደብዳቤ ጻፈ። የምታስቀምጡት የሰው ወረቀት የት ነው ያለው? ቢሯችሁ ቢቃጠልስ? ይላል። እትዬ ሰብለ ደብዳቤውን ይዘው መጡና፣ «ደረጀ፣ ሁሉም ሰው ክላውድ ገባ እያሉ ነው። እኛ ለምንድን ነው ምድር ላይ የቀረነው?» አሉኝ።

ክላውድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ላለማወቄ ግን ብዙ እንግሊዝኛ ነበረኝ። አንዱንም ሳላስቀር ደረደርኩት። እትዬ ሰብለ ሲወጡ ጋሽ ተኽለ ከጥግ፣ «አሁን ለእኔ በአማርኛ ንገረኝ» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። ያን ጊዜ ነው እሳቸው ያስረዱኝ።

«ኪራይ ቤት ታውቃለህ አይደል?»

ናይሮቢ የሚኖርን አበሻ ኪራይ ቤት ታውቃለህ ወይ ማለት ዓሣን ውኃ አይተህ ታውቃለህ ወይ እንደማለት ነው።

«እስካሁን በገዛ ቤታችን ነው የኖርነው» አሉ። «ማሽኑ የእኛ፣ ክፍሉ የእኛ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የምንወጣውም እኛ። ደመና የሚሉት ተከራይ መሆን ነው። ማሽኑን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ይጠብቀዋል፤ አንተ በኢንተርኔት ገብተህ ትጠቀማለህ፣ በተጠቀምከው ልክ ትከፍላለህ። ኪራዩ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ባዶ ቤት ነው፤ አልጋውንም ምድጃውንም ይዘህ ትገባለህ። አንዱ ዕቃ የተሟላለት ነው፤ ማብሰል ብቻ ይቀርሃል። ሌላው ሆቴል ነው፤ አንሶላውን ሁሉ ያነጥፉልሃል፣ ቀለሙን ግን አትመርጥም።»

«ታዲያ ለእኛ የቱ ነው?»

«እሱን ከሻጭ አትጠይቅ። መጀመሪያ የራስህን ዕቃ እወቅ።»

ባለ ካሬ ደብተራቸውን አወጡ። ሻለቃው ውስጥ ያለውን ሁሉ በዓይነት አስጻፉኝ፤ በየአንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህ ቢጠፋ ስንት ቀን ትታገሣለህ? የቢሮው የልደት በዓል ፎቶ፣ ዕድሜ ልክ። የደብዳቤዎቹ ናሙና፣ አንድ ሳምንት። የሰው ወረቀት ስካን ላይ ስንደርስ ብዕሩን ሰጠኋቸው። እሳቸው ራሳቸው «አንድ ሰዓትም አልታገሥም» ብለው ጻፉ። በዚህ መሠረት ኢሜይላችን ሆቴል ይግባ ተባለ። ስካኖቹ ደግሞ እኛው የምንቆልፈው ባዶ ቤት፣ ከሻለቃው በየቀኑ እየተቀዱ።

ከዚያ ሻጮቹ መጡ። ስለ አቅራቢ መምረጥ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው።

የመጀመሪያው የአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት ወኪል ነው። ክራቫቱ ብቻውን በሀብታሞቹ ሰፈር በሩንዳ ቤት ይከራያል። ማሽኖቻቸው አይቋረጡም ለማለት ከዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ኋላ ዘጠኝ ላይ ዘጠኝ እየደረበ ሲቆጥር ዘጠኝ የሚባለው ቁጥር ከናይሮቢ ያለቀ መሰለኝ። ጋሽ ተኽለ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «መውጫው የት ነው?» አሉት።

ሰውየው ወደ በሩ ጠቆመ።

«የእናንተን ማለቴ ነው። ቤት ስከራይ አስቀድሜ የማየው ዕቃዬን ይዤ የምወጣበትን በር ነው። ከዓመት በኋላ ብንጣላ ፋይሎቼን በምን መልክ ትሰጡኛላችሁ? በስንት ቀን? ያስከፍላል?» ሰውየው ስላይዱን ወደፊት ወደ ኋላ አገላበጠ። መውጫ የሚል ስላይድ አልነበረውም። «ጠይቄ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው የናይሮቢ ነው። ሕንፃውን ራሱ አስጎበኘን፤ ጄኔሬተሩ ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ያህላል፣ ቅዝቃዜው ያንሰፈስፋል። ወረቀታችን ከአገር ሳይወጣ እዚሁ ያድራል፤ ለጊጊሪው ደንበኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጣም ወደድኩት። ጋሽ ተኽለ፣ «ሌላ ሕንፃ አላችሁ?» አሉ። የለንም አለ። «ይህኛው ቢቃጠልስ?» «አይቃጠልም።» ደብተራቸውን ዘጉ።

ሦስተኛው ካፌ ውስጥ ቀጠረን። ቢሮው ስልኩ ውስጥ ነው። «ለሐበሾች ልዩ ዋጋ አለኝ» አለ፤ እኔ ወዲያው ዘመዴ መሰለኝ። ጋሽ ተኽለ፣ «እሑድ ቢበላሽ ማን ያነሳልናል?» አሉት። «እኔ ራሴ።» «አንተ ብትታመምስ?» «አልታመምም።» ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «አንዱ አይቃጠልም፣ አንዱ አይታመምም» አሉኝ፤ «ከማይሞቱ ሰዎች ጋር ውል አልፈርምም።»

በሳምንቱ ክራቫቱ ተመለሰ። የጋሽ ተኽለን ጥያቄዎች በሙሉ በጽሑፍ መልሶ መጣ። የመውጫውን ክፍያ፣ ፋይሎቹ በየትኞቹ አገሮች እንደሚያድሩ ሁሉ ጽፏል። ከሁሉ የገረመኝ የማያደርጉትንም መጻፉ ነው። ማሽኑና ሕንፃው የእኛ ኃላፊነት ነው፤ ማን ይገባል፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚለው ግን የእናንተ ነው ይላል። ጋሽ ተኽለ ያቺን መስመር በጣታቸው ሁለት ጊዜ ሄዱባት። «የማይችለውን ጽፎ የሚያመጣ ሻጭ አግኝተሃል። ከዚህ በላይ አትፈልግ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ።

ደመናው ላይ የቢሮውን መዝገብ ለመክፈት ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድና የስልክ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። የስልክ ቁጥሩ በገባን ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ነው። የእኔ ላይን፣ ሲም ካርዴ ማለት ነው፣ የወጣው በጎረቤቴ ስም ነው፤ የስደተኛ መታወቂያ ይዞ ላይን ማውጣት በዚያን ጊዜ ጾም ጸሎት ይጠይቅ ነበር። ካርዱም ላይኑም በገዛ ስሙ ያለው የቢሯችን ሒሳብ ሠራተኛ ወንድም ሙሉጌታ ብቻ ነው። «በእኔ አድርገው ወንድሜ፣ ምን ችግር አለው!» አለ። በእሱ አደረግሁት። ጋሽ ተኽለ ማታ ሊወጡ ሲሉ፣ «ቁልፉ ማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሙሉጌታ» አልኳቸው፤ ከሙሉጌታ የሚታመን ሰው ስለሌለ በኩራት። ደብተራቸው ላይ «ቁልፍ፦ ሙሉጌታ» ብለው ጻፉና የጥያቄ ምልክት አደረጉበት።

«ጥያቄው ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ጋሽ ተኽለ ጡረታ ወጥተው ሮንጋይ ገቡ። ዓርብ ለጥቂት ወራት ቀጠለች፤ ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ፣ ከዚያ የምሳ ሰዓቴ ረዘመ። ወንድም ሙሉጌታም ስደተኛን ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግረው ፕሮሰሱ አለቀለትና ወደ አውስትራሊያ በረረ። እጅ ጭነን ጸለይንለት፣ አለቀስን፣ የታረደው በግ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። ላይኑን ማንም አልጠየቀውም። ከካርዱ ላይ ክፍያውን ወደ እትዬ ሰብለ አዛውረን ነበር፤ ቁጥሩን ረሳነው። ሻለቃው ከደመናው ጋር አንዴ ስለተገናኘ ኮድ አይጠየቅም ነበር። በሩ ተከፍቶ ስለኖረ ቁልፉን የፈለገው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት በዝናቡ መሐል መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አራተኛው ላይ ሻለቃው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። የተቃጠለ ሽታ። እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፣ ሞቷል። «አይዟችሁ!» አልኩ፣ «ደመና አለን!» ሌላ ኮምፒዩተር ከፍቼ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ደመናው በትሕትና መለሰልኝ፤ ኮድ ልከንልዎታል። ለወንድም ሙሉጌታ አሮጌ ስልክ።

በዚያችው ጠዋት አልማዝ የምትባል ደንበኛችን መጣች። ባሏ ሞቶ ከልጇ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ያ ዝናብ ኢስሊ ያለ ክፍሏን ሞልቶ የልጇን የልደት ወረቀት ውኃ በልቶታል። ሐሙስ ጊጊሪ ቀጠሮ አላት። ልጅቷ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፤ ልጅቷ የእሷ መሆኗን የሚያሳየው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ማህተም ያለበት ቅጂ ከትርጉሙ ጋር እንደሚቀበሏት ነግረዋታል። ካልሆነ ግን ልጅቷ ለብቻዋ በሌላ መዝገብ ትታያለች።

«እናንተ ዘንድ አለ አይደል ጋሼ ደረጀ?» አለችኝ። «ስካን ስታደርገው አይቻለሁ።»

በሕይወቴ ቀልድ የጠፋብኝ ያን ቀን ነው።

ሙሉጌታ ጋ ደወልን። «ላይኑን ነው? ወንድሜ፣ ኤርፖርት ላይ አውጥቼ ጣልኩት!» አለ። «እንደ ሎጥ ሚስት ወደ ኋላ አላይም ብዬ!» ለአቅራቢው ጻፍን። ሙሉጌታ ማንነቱን በሕግ ፊት አረጋግጦ ይላክ፣ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ እናያለን አሉ። ልክ ናቸው። ጣሪያቸው አላፈሰሰም። ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሮንጋይ ሄድኩ። ጋሽ ተኽለ ጎመን እያጠጡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ዓርብ መቅረቷን ጭምር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ገብተው ደብተሩን አመጡና ያቺን የጥያቄ ምልክት በጣታቸው አሳዩኝ።

«ቁጥሩ ላይ ደውለሃል?»

«የት ጋሽ ተኽለ? ሙሉጌታ ጥሎታል እኮ።»

«ሲሙን ነው የጣለው። ቁጥር አይጣልም። ለወራት ያልተሠራበትን ቁጥር ዘግተው ለሌላ ሰው ይሸጡታል። አሁን ማን እንደያዘው ማወቅ አትፈልግም?»

ቢሮ ሙሉ ሰው፣ ሦስት ቀን፣ አንድም ሰው ያንን ቁጥር አልደወለም! ደወልኩ። ጠራ። «ሃሎ? ናኒ?» አለች አንዲት ሴት፤ ማነህ ማለቷ ነው። እኔም በደስታ ሰክሬ በስዋሂሊ፣ «እማማ፣ ስልክሽ ላይ ኮድ መጥቷል፣ አንብቢልኝ!» አልኳት።

«ምዊዚ!» አለችኝ። ሌባ። ዘጋችው።

መብቷ ነው። በዚህ ከተማ ኮድ አንብቢልኝ የሚል ድምፅ ሁሉ የሌባ ድምፅ ነው። ጋሽ ተኽለ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ኮድ አትጠይቃት። ስምህን ንገራት።» በዚያ ዝግ ባለ ስዋሂሊያቸው ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚያጠጡትን ጎመን ሳይቀር ነገሯት። ኮድ የሚል ቃል ሳይወጣቸው፣ «የት እንምጣ?» አሉ። ሴትዮዋም፣ «ሰው ከሆናችሁ ካንጌሚ ገበያ፣ ቲማቲም ተራ። ማማ አቺየንግ በሉ» አለች።

አልማዝን ይዘን ሄድን። የዌስትላንድስ መንገድ ተዘግቶ ማታቱው ውስጥ ጢሜ አደገ። ማማ አቺየንግ ከቲማቲም ክምር ጀርባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሦስታችንን በየተራ አየች፤ እኔ ላይ ስትደርስ፣ «ሌባው አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ አልማዝን ጠየቀቻት፣ የማን ወረቀት ነው? አልማዝ በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ «የልጄ» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ማማ አቺየንግ ጎረቤቷን ጠርታ ቲማቲሙን አደራ አለቻት። «ኮዱ ከእኔ አይለይም» አለች፤ «እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ ወዴት እንደሚገባ በዓይኔ አያለሁ።»

ቢሯችን ስንደርስ አራተኛ ፎቅ ሳታርፍ ወጣች። ኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እኔ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፤ ስልኳ ተንጫረረ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ አልማዝን እያየች፣ አነበበች። በሩ ተከፈተ። ፋይሎቹ በሙሉ፣ እስከ እሑድ የተቀዱት ሁሉ አሉ። የልጅቷ የልደት ወረቀት ከነማህተሙ፣ ከነታጠፈ ጠርዙ ወጣ። አልማዝ ስክሪኑን በመዳፏ ነካችው። ጋሽ ተኽለ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ለማስነሳት ሦስት ቀን» አሉ። «ለዓርብ ብዙ ነው።»

ሐሙስ እናትና ልጅ በአንድ መዝገብ ተመዘገቡ። ከጊጊሪ ደውላ የነገረችን አልማዝ ራሷ ናት።

በማግስቱ እትዬ ሰብለ ሁላችንን ሰበሰቡን። ጋሽ ተኽለ ሁለት ቁልፍ ለሁለት ሰው ይሁን ብለዋል። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በእትዬ ሰብለ ካዝና፣ የኮዱ ስልክ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ። «እንግዲህ» አሉ እትዬ ሰብለ፣ «ከዚህ ቢሮ የማይሄድ ማነው?»

ተያየን። አንዱ ፕሮሰሱ የሕክምና ምርመራ ላይ ደርሷል። አንዷ ቲኬት እየጠበቀች ነው። እኔ ቃለ መጠይቅ ካደረግሁ አሥር ዓመት ያለፈው ፋይል አለኝ፤ ነገ ይጠሩኛል። እትዬ ሰብለ ራሳቸው ልጆቻቸው ካናዳ ናቸው። ዓመታት እዚህ የኖርነው ሁላችን በአንድ እግራችን ቆመን ነበር።

ቲማቲም ልታደርስልን መጥታ በር ላይ የቆመችው ማማ አቺየንግ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ነገርናት። ሳቀች። «እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ቲማቲሜን ለማን ትቼ?»

ስለዚህ ቁጥሩ እዚያው ቀረ። ወረቀት ተፈራረምን፣ በየወሩ ለስልኳ የሚሆን ይከፈላታል፤ በየዓርቡም ከቢሮው ውጭ ካለ ኮምፒዩተር፣ ሁሉም እንደተቃጠለ ቆጥረን እንገባለን። ለነጋዴ ወንድሞቼና እህቶቼ የምነግራችሁም ይኸው ነው። አቅራቢውን ስለ መውጫው ጠይቁት፤ የማይችለውን ጽፎ ይስጣችሁ። ከዚያ ግን ወደ ራሳችሁ ዙሩና ቁልፉን የያዘው ሰው ነገ የት እንዳለ ጠይቁ። አሁን እኔ አንድ ሰው ፕሮሰሱ አለቀ ሲባል፣ ሌላው እልል ሲል፣ «ላይኑስ?» ብዬ የምጮህ ሰው ሆኛለሁ።

ሻለቃው አልተተካም። ሁሉም ነገር ወደ ደመናው ገባ፤ ክፍሏን የሚጠብቅ አላስፈለገም። የመጨረሻው ቀኔ ዓርብ ነበር። የምገድለው ፋይል ስፈልግ የስንብት ደብዳቤዬን አየሁት። አጠፋሁት። አልመለስልህ ቢለኝ ሰኞ ሥራ እገባለሁ ብዬ ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ማማ አቺየንግ ጋ ደወልኩ። «ቴና ዌዌ?» አለች፤ ደግሞ አንተ? ቁጥሮቹን አነበበች። በአራት ደቂቃ ደብዳቤው ከነፊርማው፣ ከነማህተሙ ተመለሰ።

«ተመለሰ?» አለችኝ።

«ተመለሰ» አልኳት። «ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ና፤ ክምሩ ብዙ ነው፣ የሚደረድርልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

ሄድኩ።